የጀማ ዓሦች የሸሹት እጅ

ዓሣ አፍንጫ እንዳለው የሰማሁት ልጅ ሳለሁ ነው፤ ያኔ ቤታችን ከዓለም ከተማ ወረድ ብሎ፣ ምድሩ ድንገት ተቆርጦ ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ በሚዘቀዘቅበት አፋፍ ላይ ነበር። ማታ ማታ የወይራው ፍልጥ ምድጃው ውስጥ እየጨሰ፣ ኩራዙ ከጥግ ሆኖ ግድግዳውን እያጠቆረ፣ እኛ ልጆች አባባ ገብሬን ከበን እንቀመጥ ነበር። አባባ ገብሬ የአባቴ አጎት ናቸው። እግራቸው አልታዘዝ ካላቸው ቆይቶ ስለነበር ከመደቡ የሚነሱት ተደግፈው ነው። በጎልማሳነታቸው ግን ስመ ጥር ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ ተሰማ ከሚባል ጓደኛቸው ጋር በየበጋው ቆላ እየወረዱ አህያ ሙሉ ዓሣ ጭነው ይመለሱ ነበር አሉ። አንድ ዓመት ሁለቱ ወርደው አባባ ገብሬ ብቻቸውን ወጡ። ተሰማን ደራሽ ውሃ ወሰደው ብለው ተናገሩ፤ ሬሳውም አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ መረባቸውን ሰቅለው ዓሣ የሚባል ነገር በእጃቸው አልነኩም። ይህን የመንደሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ነገር ግን ማንም ሲያነሳው ሰምቼ አላውቅም።

እኔ ያኔ የሰማሁትን ሁሉ የማላምን፣ ነገር ቆፋሪ የምባል ልጅ ነበርኩ። «ዓሣ ውሃ ውስጥ እየኖረ በምኑ ያሸታል?» ብዬ ሞገትኳቸው። አልተቆጡኝም። የእናቴ ወንድም ጋሽ መኮንን በዚያ ሰሞን ዓሣ እያጠመደ ገበያ ያወጣ ነበርና አንድ የዓሣ ጭንቅላት እንዲያመጣ አዘዙት። እሳቸው ሳይነኩት፣ በሩቁ በጣታቸው እየጠቆሙ ስንደዶ አስያዙኝ። ከዓይኑ ፊት ለፊት ባለችው ቀዳዳ ሳስገባት ከኋላዋ ባለችው ቀዳዳ ብቅ አለች።

«አየሽ? ወደ ጉሮሮው አልወረደችም። ዓሣ በአፍንጫው አይተነፍስም። ውሃው በፊተኛዋ ይገባል፣ በኋለኛዋ ይወጣል፤ ሲያልፍ ሽታውን ጥሎ ነው የሚያልፈው። የእኛ አፍንጫ ሁለት ሥራ ስላለበት ያሸተተውን ይረሳል። የዓሣ አፍንጫ ሥራው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ አይረሳም» አሉኝ።

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ለምን እንደከበደ ያኔ አልገባኝም። ከተረቶቻቸው ሁሉ በጣም የምንፈራውና ደጋግመን የምናስነግራቸው አንዱን ነበር። ሁለት ሰዎች አብረው መንገድ ይወጣሉ፤ ቆላው ውስጥ አንደኛው ሌላውን ገድሎ እጁን በወንዝ ይታጠባል። ማንም አላየውም። ዓሦቹ ግን አሸተቱት። ከዚያ ወዲያ ሰውየው ውሃ ሊጠጣ እጁን በነከረ ቁጥር የወንዙ ዓሣ ሁሉ ፊቱን አዙሮ ይሸሻል፤ አገሬውም ይህን እያየ ይርቀዋል፤ መጨረሻ ላይ ወደ ውሃ መቅረብ እየፈራ በውሃ ጥም ይሞታል። ያኔ አባባ ገብሬ እጃቸውን ወደ ፍሙ ይዘረጋሉ፣ እኛም እርስ በርስ እንሸጎጣለን። የመንደሩ ልጅ ሁሉ፣ ከእኛ በፊት አድገው ሚስት ያገቡትም ጭምር፣ በዚህ ተረት ነው ያደጉት። መዘዙም የመጣው ከዚያ ነው።

መሬት በተሸነሸነበት ዓመት ጋሽ መኮንንና ሸዋንግዛው የሚባለው ጎረቤቱ በድንበር ተጣሉ። ቀበሌ ድረስ ሄደው፣ ተሰዳድበው፣ ሽማግሌ ገብቶም አልበረደም። የዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ፣ አንድ ቀን ጠዋት፣ ሸዋንግዛው ከገደሉ ሥር ሞቶ ተገኘ። ፖሊስ ከዓለም ከተማ መጥቶ አየና «አፋፉ ተንዶበት ነው» ብሎ ሄደ። ወንድሙ ታደሰ ግን አልተቀበለም። ወንድሜን መኮንን ገፍትሮታል አለ።

ሸዋንግዛው በሞተበት ምሽት ጋሽ መኮንን እኛው ቤት ነበር። ተረት ሲሰማ አምሽቶ እዚያው መደብ ላይ እንቅልፍ ጥሎት አደረ፤ ሲያንኮራፋ እኔ ራሴ ሰምቼዋለሁ። እናቴ ይህን ለሰው ሁሉ ተናገረች። ለወንድሟ የምትመሰክርን እህት ግን ማን ይሰማታል? ታደሰ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ከአጎቴ ማሳ ማዶ ተቀምጦ ይውል ጀመር። አይሳደብም፣ አይዝትም፣ የእግዜር ሰላምታም አይሰጥም። ውሻችን ማታ በጮኸ ቁጥር እናቴ እስትንፋሷን ይዛ ታዳምጣለች። እኔም እንደዚያ ሰሞን ፈርቼ አላውቅም።

ሽማግሌዎች ተሰብስበው መኮንን እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይማል አሉ። ታደሰ «ሰው በሐሰት ይምላል፤ ዓሣ ግን አይምልም፣ ያሸታል እንጂ» አለ። አጎቴ በነገታው ከሽማግሌዎቹ ጋር ጀማ ወርዶ እጁን ጥልቁ ውሃ ውስጥ እንዲነክር ታደሰ ጠየቀ። ዓሦቹ ካልሸሹ ደሙን ሊተው፣ ከሸሹ ግን በመሐል ማንም እንዳይገባ። ሽማግሌዎቹ አፍረው አንገታቸውን ደፉ፤ አንዳቸውም ግን ይህ የልጆች ተረት ነው ብሎ ለመናገር አልደፈረም። ጋሽ መኮንን ንጹሕነቱን ያውቃልና ሳቀ። «እንኳን እጄን ሙሉ ሰውነቴን ያሽትቱኝ» ብሎ ተስማማ።

ለአባባ ገብሬ ማንም አልነገራቸውም ነበር። እናቴ የነገረቻቸው በነገታው ጠዋት አጎቴ ከወረደ በኋላ ነው። ሰምተው «መኮንን ሲነጋ ምን ሲሠራ ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«ትናንት ያጠመደውን ዓሣ ሲያርድ፣ ቅርፊቱን ሲፍቅ» አለች።

«እጁንስ?»

«በውሃ አለቅልቆ ሄደ።»

ፊታቸው አመድ መሰለ። «ዓሣ የቆሰለ ወገኑን ሽታ ከሩቅ ያውቃል፤ ቆዳው የተላጠ ዓሣ ባለበት ሌላው አይቆምም። ልጁ ሞቱን እጁ ላይ ይዞ ነው የወረደው። አውርዱኝ!» አሉ። ሁለት ጎረቤቶች በቅሎ ላይ አውጥተው ግራና ቀኝ ደገፏቸው። እናቴ እጄን ጨብጣ ተከተለች፤ ቁልቁለቱን ስንወርድ እጄን እስኪያመኝ ድረስ ጨመቀችው።

ጀማ በበጋ ሲጎድል እዚህም እዚያም ይቆራረጥና ጥልቅ ጥልቁ ላይ ብቻ ውሃ ይቀራል። እኛ ጥልቁ የምንለው አንድ ትልቅ ቋጥኝ ሥር ያለው ነው፤ ውሃው ጥርት ያለ ስለሆነ ዓሦቹ ከላይ ሆነው ሲያዩአቸው ይቆጠራሉ። ስንደርስ የሆነው ሁሉ ሆኖ ነበር። ውሃው ውስጥ አንድም ዓሣ አይታይም፤ ሁሉም ከቋጥኙ ጥላ ውስጥ ገብተዋል። ጋሽ መኮንን እርጥብ እጁን ወደፊት እንደዘረጋ፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል እያየው ቆሟል። ታደሰ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዷል። ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን ወዲያ አዙረዋል።

«ተረት ነው፣ ልጆቼ! ተረት እኮ ነው!» ብለው ጮኹ አባባ ገብሬ ከበቅሎው ላይ።

«የነገሩን እርስዎ ነዎት፣ አባባ» አለ ታደሰ። ድምፁ ረጋ ያለ ነበር፣ ያስፈራኝም እርጋታው ነው። «እኔና ወንድሜ እሳትዎ ዳር ተቀምጠን ነው የሰማነው።»

አባባ ገብሬ ስለ ቆሰለው ዓሣ፣ ስለ ሽታው፣ አጎቴ ጠዋት ስላረደው ሁሉ አስረዱት። ታደሰ እስኪጨርሱ ጠበቀ። «እንግዲያው ዓሣ ያልነካ፣ ደም ያልነካ እጅ ያሳዩን» አለ። ከሽማግሌዎቹ ማንም ወደፊት አልወጣም። ያኔ ሁሉም የየራሱን እጅ ጋቢው ውስጥ ሲሸጉጥ አይቻለሁ።

«እኔ አለሁ» አሉ አባባ ገብሬ። «ይህቺ ልጅ ሳትወለድ ጀምሮ ዓሣ አልነካሁም። በሶ ስጡኝ።»

ከበቅሎው አውርደው ቋጥኙ ጫፍ ላይ በደረታቸው አስተኟቸው። ውሃው እስኪረጋ ቆየን። በሶውን በመዳፋቸው ለውሰው እጃቸውን ቀስ ብለው ነከሩ። መጀመሪያ አንድ ትንሽ ዓሣ ከጥላው ወጣ፤ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ብዙ ሆነው አፋቸውን ከፈት ከደን እያደረጉ ወደ በሶው ሽታ መጡ። «መጡ! መጡ!» አለ አንዱ ሽማግሌ በሹክሹክታ። እናቴ የያዘችው እጄ ላላ አለ። ጋሽ መኮንን ዓይኑን ጨፈነ። አንድ ትልቅ ነጭ ዓሣ ከሁሉም ቀድሞ እስከ መዳፋቸው ዳር ደረሰና ቆመ። ልክ ጠረናቸውን እንደሚመረምር ቆመ። ከዚያ ድንገት ዞረ፤ ሌሎቹም በአንድ ጊዜ ዞሩና ውሃው ባዶ ሆነ። በሶው ብቻ ቀስ እያለ ሟሟ።

ቆይቶ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ተሰማ...» አለ። ስሙን ብቻ ጠርቶ አፉን በጋቢው ሸፈነ። አባባ ገብሬ ሰምተዋል፤ ዞር ብለው አላዩትም፣ እጃቸውንም ከውሃው አላወጡም። አጎቴ ተንበርክኮ ክንዳቸውን ይዞ ቀስ ብሎ አወጣውና በራሱ ጋቢ አደረቀላቸው። ጣት በጣት ነው ያደረቀላቸው። ታደሰ ይህን ሁሉ ቆሞ አየ። ከዚያ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ መለሰና «እሁድ ይማልልን» ብሎ ዳገቱን ብቻውን ወጣ።

እሁድ ጋሽ መኮንን ማለ፤ ታደሰም መስቀል ተሳልሞ ይቅር አለ። ለምን እንደተወው አልተናገረም። ግማሹ የመንደሩ ሰው ዓሣ ከሰው ሁሉ እንደሚሸሽ ስላየ ነው አለ፤ ሌላው ግማሽ በዚያ ቀን አንድ የቆየ ደም ስለተቆፈረ ሌላ ደም መጨመር ፈርቶ ነው አለ። ይህኛውን የሚሉት ከዚያ በኋላ እኛ ቤት መምጣት ቀነሱ፤ ልጆቻቸውንም ማታ መላክ ተዉ። አባባ ገብሬም ከዚያ ወዲህ ተረት አልነገሩም። ምድጃው ይነዳል፣ እኛም እንጠብቃለን፣ እሳቸው ግን እጃቸውን ብርድ ልብስ ውስጥ ከትተው ፍሙን ያያሉ። አንድ ማታ አልቻልኩምና «አባባ፣ ለምን ሸሹ?» አልኳቸው። «ውሃው ገና የመኮንንን እጅ ሽታ አልጨረሰም ነበር» አሉኝ። ያን ክረምትም አላለፉትም።

አድጌ ትምህርት ቤት ስገባ የዓሣ አፍንጫ ልክ እሳቸው እንዳሉት እንደሆነ፣ የቆሰለ ዓሣ ቆዳም ውሃ ውስጥ ሽታ እንደሚተውና ሌሎቹ እሱን አሽትተው እንደሚበተኑ ተማርኩ። ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። በሕይወት ኖረው ሮጬ «እውነትዎን ነበር» ብላቸው ምን ነበረበት! የቆፋሪ ልብ ግን ዕረፍት የለውም። ውሃው ላይ ሽታ ከነበረ ዓሦቹ መጀመሪያ እንዴት ደፍረው መጡ? በሶው ይሆናል እላለሁ፣ ረሃብ ይሆናል እላለሁ። ከዚያ ደግሞ መዳፋቸው ዳር የቆመው ያ ትልቅ ዓሣ ትዝ ይለኛል፤ እስካሁን ውሃ ዳር ስደርስ እጄን ለመንከር ይከብደኛል።

ጋሽ መኮንን ዛሬም አለ፤ አርጅቶ፣ የልጅ ልጅ አይቶ፣ እዚያው አፋፍ ላይ ይኖራል። በቀደም ልጠይቀው ሄጄ ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኩት፤ መጽሐፉ የሚለውንም፣ የማይለውንም። ከዚያ ያን ሁሉ ዘመን ያልደፈርኩትን ጠየቅኩት፤ አባባ ገብሬ ተሰማን ገድለውት ይሆን ብለህ ታስባለህ አልኩት።

«እኔ ዓሣ አይደለሁም፣ ልጄ» አለ። «ያተረፈኝን እጅ አላሸትም።»