ብድጉ

የክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ባዶ ቦታ ሞልቷል፤ ሽማግሌው ግን ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። የኮታቸው ቁልፍ ሁሉ የጎረቤቱን ቀዳዳ ስለያዘ አንዱ ትከሻቸው ከሌላው ከፍ ብሏል። ጫማቸው ማሰሪያ የለውም፤ ማን ጎንበስ ብሎ ያስራል! ከዘራቸውን የሌላ ሰው አደራ ይመስል ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለውታል።

ከተቀመጥነው መካከል እንዲቀመጡ ያልለመናቸው የለም።

"ተቀመጡ ልጆቼ፣ እኔ መንገደኛ ነኝ" ይላሉ።

መንገደኛው ግን ከመጣሁ ጀምሮ ከግድግዳው ንቅንቅ አላሉም። እኔማ ኩራት መስሎኝ በሆዴ ታዝቤያቸው ነበር።

በመጨረሻ ነርሷ ከክፍሏ ብቅ አለች።

"አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ! ግድግዳው እንደሆነ ያለ እርስዎም አይወድቅም።"

"እሱማ አይወድቅም። የምወድቀው እኔ ነኝ።"

"ምነው፣ ቁጭ ብድግ ማለት ያስቸግርዎታል?"

"ኧረ ቁጭ በማለትማ ማን ይችለኛል! ብድጉ ነው ከድቶኝ የሄደው።"

አዳራሹ ሙሉ አውካካ። እሳቸውም ግጥሚያ እንዳሸነፈ ሰው ዙሪያቸውን ቃኙ። ነርሷ እየሳቀች ሁለት እጆቿን ዘረጋችላቸው።

"በሉ ይቀመጡ፤ ብድጉ በእኔ ይሁን።"

ሽማግሌው የተዘረጉትን እጆች ትንሽ አዩዋቸው።

"ባለቤቴም እንዲሁ ብላ ነበር ያስለመደችኝ" አሉና፣ እጆቿን ይዘው ቀስ እያሉ ተቀመጡ። "አደራ፣ አንቺ ደግሞ ቀድመሽኝ እንዳትሄጂ።"