የታችኛው ሳህን የጋሻው ነው

ያ ሳቅ ደግሞ መጣ። በቀደም ከውጭ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ ልጄ ከምትተኛበት ክፍል ብዙ ሰው ባንድ ላይ ሲስቅ ሰማሁና ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። እንግዳ የመጣ መስሎኝ አይደለም፤ ሳቁን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ አንዲት ሴት ቀጠን ባለ ድምፅ ትጀምራለች፣ ወንዶቹ ይከተሏታል፣ ከዚያ እንደ ቧንቧ ውኃ ባንድ ጊዜ ይዘጋል። ልጄ ያንን የድሮ የፖሊስ ጣቢያ ኮሜዲ ከስልኳ ላይ አግኝታው አልጋዋ ላይ ተጋድማ ታያለች። እጄ ሳላዘው ሄዶ ድምፁን ቀነሰው። «እማ፣ ምነው?» አለችኝ። ምን ልበላት? ውጭ መኪና ስላለፈ ነው ልበላት?

ያን ጊዜ ቤታችን እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ከእህል ገበያው ጀርባ ነበር። አባቴ ሰዒድ በርበሬና ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድና የአገራችን ሰው የሚጠይቀውን ሁሉ የሚሸጥባት አንዲት ጠባብ ዱካን ነበረችው፤ እናቴ ዘሀራ ደግሞ ቤት ነበረች። ቤት ነበረች ስል፣ ቤት ብቻ ነበረች ማለቴ ነው። አባቴ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ የምንለው፣ ነበረው፤ እሷ ግን ተድራ በመተማ በኩል ስትሻገር ማንም ወረቀት አልጠየቃትም፣ ከዚያ ወዲያም «ይቺ አዝመራ ትለፍና ይወጣልሻል» እየተባለች፣ አንዱ አዝመራ በሌላው እየተተካ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ከማል ተወልደን ትምህርት ቤት ገባን። ስለዚህ ከሰፈራችን ጥግ አታልፍም ነበር። ለቤት የጎደለውን ከሱቅ የምናመጣው እኛ፣ ለቅሶ ቤት የምንላከው እኛ፣ ሐኪም ቤት እንኳ ሕመሟን ተናግረን መድኃኒት ይዘን የምንመለሰው እኛ ነበርን።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ መብራት ካልጠፋ፣ ያ ኮሜዲ ይጀምራል። የፈረንጅ ነው፤ እኛ ሳንወለድ የተሠራ፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ በአንድ ትልቅ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ፣ ያውም በአንዲት ክፍል ውስጥ ብቻ የሚያልቅ። ማራገቢያው በየጊዜው የሚበላሽበት መላጣ አለቃ አለ፣ የስልክ መልእክት እየተቀበለ የሚረሳ ሽማግሌ ፖሊስ አለ፣ ሁሉንም የምትቆጣ ሴት ፖሊስ አለች፤ ጥግ ላይ ደግሞ በብረት የታጠረች የእስረኛ ማቆያ አለች፣ ሁልጊዜ አንድ ጉደኛ ሰው ይመጣና እዚያ ይገባል። አረብኛ ማንበብ የምችል እኔ ብቻ ስለነበርኩ ከሥር የሚሮጠውን የአረብኛ ጽሑፍ እያሳደድኩ በአማርኛ የምነግራቸው እኔ ነበርኩ። ጽሑፉ አይጠብቅም፣ እናቴም አትጠብቅም። «ምን አለ? አሁንስ ምን አለ?» እያለች ጉልበቴን ስትጎሽም፣ እኔ አንዱን ሳልጨርስ ሌላው አምልጦኝ፣ ሰዎቹ ስቀው ካበቁ በኋላ ነበር እኛ የምንስቅ።

አሁን ሳስበው ግርም ይለኛል። በእውነት ፖሊስ ሲመጣ አልጋ ሥር የምንገባ ሰዎች ነበርንኮ! ቦክስ የምንላት የፖሊስ ፒክአፕ በሰፈሩ ስታልፍ አባቴ ሪሞቱን ይዞ ድምፁን ይቀንሳል፤ ካለፈች በኋላ ይጨምራል፤ ሌላ መኪና ሲሰማ ደግሞ ይቀንሳል። አንድ ቀን እንኳ ያንን ኮሜዲ በአንድ ድምፅ አይተነው አናውቅም። እዚያ ውስጥ ግን ፖሊሶቹ ለሁሉም ወንበር ይስባሉ፣ ሁሉን ያዳምጣሉ፣ ማንም ዘው ብሎ ገብቶ የልቡን ተናግሮ ይወጣል። አባቴ ራሱን እየነቀነቀ እንዲህ ያለ ጣቢያ ቢኖርማ አልጋዬን እዚያ እዘረጋ ነበር ይል ነበር።

እናቴን የሚያስጨንቃት ሌላ ነገር ነበር። ያ ጉደኛ ሰው ማቆያው ውስጥ ገብቶ በሩ ሲዘጋበት፣ ሳቋን ታቋርጥና ቀስ ብላ «ይኼስ ስንቁን ማን ያመጣለታል?» ትላለች። በእሷ አገር፣ በጎንደር ቆላ፣ የታሰረ ሰው የሚበላው ከቤቱ ነው፤ ስንቅ የማይመጣለት እስረኛ ወገን የሌለው ነው፣ ሞቶ ቀባሪ እንዳጣ ሰው ይታዘንለታል። ፖሊሶቹ ሲበሉ እስረኛው ቁጭ ብሎ ሲያይ እሷም እጇን ከሳህን ትሰበስብ ነበር። «ጨዋታ ነውኮ እማ» ስላት፣ «ሆዱስ ጨዋታ ነው?» ትለኛለች።

ኸሪፍ፣ ዝናሙ ሲገባ፣ ያ ጥቁር ጭቃ ከተማውን ሁሉ ይይዘውና ራክሻ የምንለው ባጃጅ መግባት፣ ቦክሷም መዞር አይችሉም ነበር። እኔ ኸሪፍን የምወደው ለዚህ ነው። የጣሪያው ቆርቆሮ እየጮኸ አንድ ቃል ባይሰማም፣ እናቴ አፏን ከፍታ ትስቃለች፣ አባቴም ሪሞቱን መሬት ላይ ያስቀምጣል። ሰሊጡ ሲደርስ ግን ነገር ሁሉ ይገለበጣል። ከመተማ ማዶ የሚመጡት አጫጆች በየመኪናው ተጭነው በዶካ በኩል ይገባሉ፣ ከተማው በእኛ ሰው ይሞላል፣ ከዚያ ከሻ ይጀመራል፤ ከሻ ማለት ወረቀት የሌለውን የውጭ ሰው አፈሳ ነው። ያኔ አገሩ ሁሉ ሰሊጥ ሰሊጥ እየሸተተ እኛ በሩን ዘግተን እንቀመጣለን። እኔማ መቀመጥ አልችልም ነበር፤ በቀዳዳው አያለሁ፣ እመለሳለሁ፣ እንደገና አያለሁ።

ጋሻው የሚመጣው በዚያን ጊዜ ነበር። የአርማጭሆ ሰው ነው፣ ክርስቲያን፣ ረጅምና ዝምተኛ፤ በባሱንዳ በኩል ሰሊጥ አጭዶ ሲጨርስ ወደ አገሩ እስኪመለስ ድረስ የእኛ ግቢ ውስጥ እያደረ አባቴን ጆንያ በማንሳት ያግዘዋል። እናቴ የጋሻውን ድስት ለብቻው አድርጋ ነበር። እኛ የእነሱን ሥጋ አንበላም፣ እነሱም የእኛን አይበሉም፤ ቂም አይደለም፣ እንዲህ አድርጎ ነው የአገሬ ሰው የሚከባበር። ለእኛ ሥጋ ስትሠራ ለእሱ ምስር ትሠራለች፣ ማማሰያውን እንኳ አታቀላቅልም፣ እሱም ምን እንደሆነ ጠይቋት አያውቅም፤ እጁን ታጥቦ፣ አማትቦ ይበላል። ያንን ኮሜዲ ሲያይ ደግሞ እኔ ሳልተረጉም ይስቃል። ምን ገባህ ስለው የሰውዬው ፊት ገባኝ ይለኝ ነበር።

አንድ የአዝመራ ጠዋት አባቴና ጋሻው ገበያ እንደወጡ በዚያው ቀሩ። ራክሻ የሚነዳው ጎረቤታችን መጥቶ ሁለቱንም በከሻ እንደያዟቸውና ጣቢያ እንዳሉ ነገረን። የአባቴ ኢቃማ ጊዜው አልፎ ለእድሳት ገብቶ ነበር። ጎረቤታችን የአባቴ ከፊል፣ ማለትም ዋሱ ለሆኑት ሱዳናዊ ለሐጅ በሺር ስልክ ደወለላቸው፤ ዶካ ነበሩ፣ ከሰዓት እደርሳለሁ፣ ሁለቱንም አስፈታለሁ፣ ማንም ከቤት እንዳይወጣ አሉ። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ይችል ነበር። እናቴ ግን መቀመጥ አልቻለችም። በር ላይ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ልብስ አንስታ ሳታጥፈው ታስቀምጣለች፣ ከዚያ ድንገት ወደ ምድጃው ዞራ ከሰል አቀጣጠለች።

ሳህኖቹ ተደራርበው በአንድ እጀታ የሚያዙ የምግብ መያዣ አለ፣ እዚህ ዓሙድ ይሉታል። በላይኛው ሳህን ለአባቴ ሥጋ ወጥ፣ በመካከለኛው እንጀራ፣ በታችኛው ለጋሻው ምስር አደረገች። የታችኛው የጋሻው ነው ብለሽ ከጣቢያው በር ላይ ሰጥተሽ ተመለሺ አለችኝ። ከዚያ እስከ ሰፈሩ ጥግ ልሸኝሽ አለች፤ ከዚያ እስከ አስፋልቱ ልሸኝሽ አለች፤ እንደ ሱዳን ሴት ጦብ ተጠቅልላ፣ ፊቷን ሸፍና፣ ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው የኒም ዛፍ ሥር መጥታ ቆመች። ተመለሺ እላት ነበር፣ አትሰማኝም።

በሩ ላይ አንድ ሻዊሽ፣ ጢማም የፖሊስ ሃምሳ አለቃ፣ ዓሙዱን ተቀብሎ ለፍተሻ ሳህኖቹን አንድ ባንድ አወጣቸው፤ ክዳን ከክዳን ቀላቀለ፣ የሥጋውን ሳህን ከታች፣ የምስሩን ከላይ አድርጎ ደረደረው። እናቴ ይህን ከዛፉ ሥር አየች። አስፋልቱን ተሻግራ መጣች። «ገለበጠው፤ የታችኛው የጋሻው ነው፣ ንገሪው» አለችኝ። ነገርኩት። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሳቀ፤ ሆድ ውስጥ ሲገባ አንድ ነው አለ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ዓሙዱን ከእጁ ተቀብላ፣ እንደዚያ ኮሜዲ ሰዎች ዘው ብላ በበሩ ገባች። እኔም ተከተልኳት።

ግቢው ውስጥ የእኛ ሰዎች ጥላ ጥላውን ይዘው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ወንበር የሚስብ ሰው የለም። አባቴ ሲያያት ብድግ ብሎ እንደገና ተቀመጠ፤ ተመለሺ ለማለት እጁን በጉልበቱ ላይ ያወዛውዝ ነበር። እሷ ለአባቴ ሥጋውን፣ ለጋሻው ምስሩን ሰጥታ፣ እንጀራውን ለሁለት ከፍላ፣ ባዶ እጇን ስትመለስ ሻዊሹ መንገዱ ላይ ቆመ። ከኋላው በመስኮቱ መኮንኑ ያያል። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እያፈረ ነው የሚመስለኝ፣ «ኢቃማሽስ?» አላት። ያቺን ቃል እንኳ እኔ መተርጎም አላስፈለገኝም። ከሴቶቹ ጋር አስቀመጧት። ወደ እኔ ዞራ፣ «ከማልን አብይው፤ በሩን ቆልፊ» አለችኝ።

ሐጅ በሺር እንዳሉት ከሰዓት ደረሱ። አባቴ በዋስ ተፈታ፣ ጋሻውም ሐጅ በሺር «የእኔ ሠራተኛ ነው» ብለውለት ተፈታ። ሴቶቹ ግን ከዚያ በፊት ተጭነው ወደ ጋላባት፣ ወደ ድንበሩ ሄደዋል፤ እናቴን የሚያስቀር ወረቀትም፣ የተመዘገበ ስምም አልነበረም። አባቴ አመሻሹ ላይ ዓሙዱን አንጠልጥሎ ገባ። ሳህኖቹ ታጥበዋል። ጋሻው ከበሩ ውጭ ቁጭ ብሎ ራሱን ይዞ ነበር። ከማል ምንም ስላልገባው ቴሌቪዥኑን ከፈተ፣ ያ ሳቅ ቤቱን ሞላው። አባቴ ዓሙዱን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ «እስከ ከሰዓት ብራብ ምን ነበረበት» አለ። ወጣ። ከዚያች ቀን ወዲያ ያንን ኮሜዲ አይቶ አያውቅም፤ ሙዚቃው ሲጀምር ይወጣ ነበር።

ብርዱም አለፈ፣ ሙቀቱም ገባ፣ እሷ መተማ እህቷ ዘንድ ናት። አባቴ አንዳንድ ዓርብ ጋላባት ይወስደናል፤ ድልድዩ ላይ ጠባቂዎቹ ደህና ከሆኑ ተሻግራ ታቅፈናለች፣ ካልሆኑ ከዚያ ማዶ ቆማ ከማል ከሳ ወይ፣ ጸጉርሽን ማን ይሠራልሻል እያለች ትጮኻለች። እኔም ያየሁትን ሁሉ እነግራታለሁ፣ መላጣው አለቃ እንዲህ ሆነ፣ ሴቷ እንዲህ አለች እያልኩ፤ አባቴ ፊቱን ወደ መኪኖቹ ያዞራል። ተናዶባት ነበር፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ተናድጄባት ነበር። በየቀኑ እንጀራ እየገዛሁ፣ ከማልን እያጠብኩ፣ ለአንድ ሳህን ምስር ብላ ጥላን ሄደች እል ነበር።

ሐጅ በሺርና አባቴ ተመላልሰው ተመላልሰው ወረቀቷን አወጡ። የኸሪፍ የመጀመሪያው ዝናም ሲጥል፣ በደረቷ በጨርቅ የተሰፋች ኢቃማዋን አንጠልጥላ በራክሻ መጣች። ከሳለች፣ ጠቁራለች። አባቴ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ዋለና ማታ ራት ላይ አልቻለም፤ በሳህን ምክንያት ልጆችሽን በተንሽ አላት። እናቴ ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠችው።

«እጄን አምኖ የሚበላ ሰው ነው። በማያውቀው እጅ፣ ያልለመደውን ላስበላው ኖሯል? እሱ ሳይጠይቀኝ ነው የሚበላው፣ ሰዒድ።»

 አባቴ ከራሱ ሳህን አንስቶ አጎረሳት፤ እኛ ፊት እንዲህ ሲያደርግ ያን ቀን ነው ያየሁት።

አባቴ አሁን የለም፣ አላህ ይዘንለት። ጋሻውም ድንበሩ ከተበላሸ፣ ጦርነቱ ወዲያም ወዲህም ከመጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል፤ የት እንዳለ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ገዳሪፍ ከካርቱም በሸሹ ሰዎች ተጨናንቃለች፤ እነሱም እንደ እኛ ወረቀታቸውን በላስቲክ ጠቅልለው በደረታቸው ይዘዋል፣ በገዛ አገራቸው። እኔ ኢቃማ አለኝ፣ ሱቁ በስሜ ነው፣ ስጠየቅ ሳልንተባተብ እመልሳለሁ። እንቅልፌ ግን አሁንም የመኪና ድምፅ ይቆጥራል። ልጄ ደግሞ ትስቃለች፣ ከሰዎቹ እኩል፣ አንዳንዴም ቀድማ፤ ማንም አይተረጉምላትም፣ ማንም ድምፁን አይቀንስባትም፣ ያን ዕለት ከእኔ በቀር።

እናቴ ከእኔ ጋር ናት። ዓይኗ ደክሟል፣ ነገር ይምታታባታል፣ ከአልጋዋ ብዙም አትነሳም። ያንኑ ዕለት ልጄ ስልኩን ይዛ ሄዳ አጠገቧ ጋደም አለች፣ እኔም ድምፁን መልሼ ጨመርኩላቸው። ሳቁ መጣ፣ ሄደ፤ የብረት በር ሲዘጋ ተሰማ። እናቴ ወደ ድምፁ ዞራ፣ «ይኼስ ስንቁን ማን ያመጣለታል?» አለች። ልጄ ጨዋታ ነው አያዬ ልትላት አፏን ስትከፍት በዓይኔ ዝም አሰኘኋት።

ያን ሰሞን ከሻ ነበር፣ እኔም ከጣቢያው ነበር የመጣሁት። አሮጌው ዓሙድ በር ላይ ተቀምጧል፣ ገና አላጠብኩትም። እዚያ ያሉት ወጣት ፖሊሶች ለምደውኛል፣ ኻለቲ፣ አክስቴ ይሉኛል፤ የማን እንደሆነ ሳይጠይቁ ያስገቡኛል፣ እኔም የማላውቃቸውን ልጆች ክርስቲያን ማነው፣ እስላም ማነው ብዬ ጠይቄ ነው የምሰጣቸው።

«ወስጄለታለሁ፣ እማ» አልኳት።

«የታችኛውን ለይተሻል?» አለችኝ።

«ለይቻለሁ።»