የወሎዬው ተራ

የታሰርንበት ቤት የበቅሎ ጋጣ ነበር። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ የአንድ ባላባት ግቢ ሲይዝ በቅሎዎቹን አስወጥቶ እኛን አስገባበት። ሽታው ግን አልወጣም። በሩ ከኋላችን ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት ከግድግዳው ጋር የተያያዘውን የእንጨት ግርግም ነው። ጠርዙን በቅሎዎቹ እየጋጡ አቅጥነውታል። ስንት ዘመን ቢግጡት ነው እንዲህ የሳሳው ብዬ ማሰቤን አስታውሳለሁ። ሰው ሲፈራ የሚያስበው ነገር ይገርማል።

አራት ነበርን፤ አራታችንም ከደብረ ወርቅ የመጣን የቅኔ ተማሪዎች። ያስያዘን ደግሞ መጠሪያችን ነው።

በቅኔ ቤት ተማሪ በስሙ አይጠራም። ከየት እንደመጣ ይጠየቃል፣ አገሩን ይናገራል፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ አገሩ ስሙ ይሆናል። አንዱ ላስቴ ነበር፣ አንዱ ቡልጌ፣ አንዱ ወሎዬ። እኔ ከደምበጫ በኩል ስለሆንሁ ዳሞቴ ተባልሁ። አባትህ ማነው፣ ሀብታም ነው ድኻ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሁሉም ደበሎ ለብሶ፣ ቅል አንጠልጥሎ፣ ከየደጁ ውሻ እየታገለ ቁራሹን ይለምናል። ይህን ነገር እወደው ነበር።

ለምነን ስንመለስ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥድ ሥር ክብ ሠርተን እንቀመጥና አንዳችን ጥያቄ እናመጣለን። ደንቡ ግልጽ ነው። ሁሉም በተራ ይመልሳል፤ ጠያቂው መጨረሻ ይናገራል፤ እሱ ተናግሮ "ጉባኤው ተዘጋ" ሳይል ማንም ከቦታው አይነሣም። በዚያ ሰሞን ወሎዬው እንዲህ ሲል ጠየቀ፦

"ጣሊያን ወጣ እንበል። ከዚያ በኋላ ባገራችን ከሁሉ በፊት መቃናት ያለበት ምንድነው? እያንዳንድህ የሚበልጥብህን አንድ ነገር ንገረኝ።"

መልስ ሳንጀምር ተያዝን። አንድ ጆሮ ጠቢ "ወሎ፣ ላስታ፣ ቡልጋና ዳሞት ጥድ ሥር ተቀምጠው ስለ አገር ይመክራሉ" ብሎ ለጣሊያኖቹ ነግሮ ኖሯል። ሰውዬው የሰማውን ነው የተናገረ። የጣሊያኑ ሹም ግን አራት አገር በአንድ ላይ ያመፀ መሰለው። ዛሬ ሳስበው እስቃለሁ። ያን ጊዜ በገመድ አስረው፣ ጠመንጃ ደግነው ሲነዱን ግን ማናችንም አልሳቅንም።

በማግሥቱ ጠዋት ለከተማው እስረኞች ከየቤታቸው ስንቅ መጣላቸው። እኛ በከተማው ዘመድ የለንም። ላስቴው የለመደው ነውና አፉን ወደ በሩ ስንጥቅ አስጠግቶ "በእንተ ስማ ለማርያም" አለ። ጠባቂው አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረ ጥቁር ወታደር፣ ደንግጦ ዞረ።

"እስር ቤትም ትለምናላችሁ?"

"ራበና፣ ጌታዬ" አለ ላስቴው።

ግርግሙ ላይ የተጋደመ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሳቁ መጣ። ለአርበኞች እህል አቀበልህ ተብሎ የታሰረ ሰው ነው። ከመሶቡ አካፈለንና በምን እንደተያዝን ጠየቀን። ላስቴው ሁሉንም አጫወተው።

"ታዲያ ምን መለሳችሁ?" አለ ሽማግሌው።

"ገና አልመለስንም፣ አባቴ። ይኸው በርስዎ ፊት ነን።"

"እንግዲያው መልሱ እንጂ ልጆቼ። ባልተናገሩት ነገር መታሰር ምን ይሉታል?"

እኛም የበቅሎ ጭድ ላይ ክብ ሠርተን ተቀመጥን።

ላስቴው "ፍርድ" አለ። አባቱ ከገዛ ወንድሙ ጋር በአንዲት ማሳ ድንበር ሲሟገት አርጅቷል። ዳኛው በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ይጨምራል፤ ሰው ሁሉ ሲያርስ እሱ ችሎት ይቆማል። "አባቴ መሬቱን ቢረታም እንኳ የሚያርስበት ጉልበት የለውም" አለ።

ቡልጌው ፊቱ በፈንጣጣ የተበሳሳ ልጅ ነው። "የኔ ሐኪም ነው። እኔ ተረፍሁ፤ ታናናሾቼ አልተረፉም። እናቴ እኔን ባየች ቁጥር እነሱን ታስባለች። አገሬ የማልገባው ለዚያ ነው።" አብረን ስንኖር ይህን ነግሮን አያውቅም።

እኔ የእኅቴን ነገር አነሣሁ። እኔ ዳዊት ስደግም እሷ ጥጥ እየፈተለች ትሰማ ነበር። ስሳሳት ከወዲያ ሆና ታርመኛለች። ፊደል ሳትቆጥር መላውን በቃሏ ይዛው፣ ገና በልጅነቷ ዳሯት። "ሴት ልጅ ትማር" አልሁ።

"ወጡን ማን ሊሠራው?" አለ ሽማግሌው፤ ጋጣው በሙሉ ሳቀ።

ወሎዬው ግን አልሳቀም። "አሁንም ታስታውሰዋለች?" አለኝ።

"ምኑን?"

"ዳዊቱን ነዋ።"

"ጠይቄያት አላውቅም።"

"ጠይቃት" አለኝ። ወሎዬው እንዲህ ነበር። ሰው ሲናገር አፍ አፉን እያየ የሚያዳምጥ፣ ስለ ራሱ ግን ትንፍሽ የማይል። ተራው ሲደርስ ምን እንደሚል ለመስማት ጓጉቼ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ያኔ በሩ ተከፈተና አራታችንንም ጠሩን።

ሹሙ ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘርግቶ ይጠብቀናል። አስተርጓሚው ያገራችን ሰው ነው። ወሎ ማንን እንደላከ፣ ላስታ ስንት ጠመንጃ እንዳለው ጠየቀን። የአጠራሩን ልማድ አስረዳነው። እሱ ገብቶት ለሹሙ ሲነግረው ሹሙ ሳቀ፤ ካርታውንም ጠቀለለ። የተፈታን መሰለኝ።

"ጥያቄውን ያነሣው ማነው?" አለ አስተርጓሚው።

"እኔ ነኝ" አለ ወሎዬው፣ ከአፉ ነጥቆ።

"ሦስታችሁ ሂዱ። አንተ ጣሊያን ይወጣል ብለሃል፤ ዛሬ ከሚጋዙት ጋር ትሄዳለህ።" ወዴት እንደሆነ አልተናገረም። ከሚጋዙት የተመለሰ ሰው እንደሌለ ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ከዚያ ሹሙ ረዘም አድርጎ ተናገረ፤ አስተርጓሚው አቀረቀረና ተረጎመው። "መንግሥታችን የመጣው ባሪያ ነፃ ሊያወጣ ነው። ከመካከላችሁ ባሪያ ወይም የባሪያ ልጅ ካለ ይናገር። ምንም ጥፋት ቢኖርበት አሁኑኑ ይፈታል። ገበያ መካከል ቆሞ ጣሊያን ነፃ አወጣኝ ብሎ መመስከር ብቻ ነው።"

የወሎዬው ዐይን ከአንድ ድንጋይ ላይ አልተነሣም። ወደ ጋጣው መለሱት።

እኛን ከበሩ ውጪ ገፈተሩን። ቡልጌው "ሐሳባቸውን ሳይለውጡ እንሂድ" አለ። ላስቴው ግን ከበሩ ፊት ለፊት መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"ምን ሆንህ?"

"ጉባኤው አልተዘጋም።"

እኔም ተቀመጥሁ፤ ቡልጌውም እየተርበተበተ ተቀመጠ። የወሎዬውን ቦታ ክፍት ተውንለት። አስካሪው በአለንጋ መጣብን፤ ትንሽ ፈቀቅ ብለን እንደገና ክብ ሠራን። ሁለተኛ ሲመጣ ግን አለንጋውን ዝቅ አድርጎ "ምንድነው የምትጠብቁት?" አለን። ነገርነው። ወደ በሩ ተመለሰ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ እስረኞች የጫነ ካሚዮን ከግቢው ወጣና በሩ ላይ ቆመ። ወሎዬው ከዳር ተቀምጧል፤ እጁ ታስሯል። እኛንና ክፍቱን ቦታ አየ። ያው አስካሪ የግቢውን በር ለመዝጋት ሆን ብሎ ዘገየ።

"ተራዬ ነው አይደል?" አለ ወሎዬው።

"ተራህ ነው" አለው ላስቴው።

"እናቴ የተሸጠች ናት። የሸጧትም የገዟትም የኛው ሰዎች ናቸው፤ ጾም የማይሽሩ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚስሙ። ጌቶቿ ቤት ነው የተወለድሁት። ለኔ ከሁሉ በፊት መቃናት ያለበት ይኸ ነው።"

ቡልጌው እንባው መጣ። "ምነው ለሹሙ ብትነግረው? ትፈታ አልነበር?"

"ገበያ ቆሜ እሱን ላመሰግንበት? የናቴ ነገር የሱ መመስገኛ አይሆንም። እኔና እናንተ የምንጨርሰው ነው።" ካሚዮኑ ተነሣ። ድምፁን ከፍ አድርጎ "ጉባኤው ተዘጋ፤ ተነሡ" አለን።

ተነሣን። ካሚዮኑ ከዐይን እስኪጠፋ ድረስ ቆምን።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ እኅቴን ጠየቅኋት፤ ዳዊቱን ግማሽ ያህል ታስታውሳለች። ወሎዬውን ፍለጋም ከአንድ የመንግሥት ቢሮ ገባሁ። ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ "ስሙ ማነው?" አለኝ።

"ወሎዬ።"

"ወሎዬ ስንት ነው፣ ወንድሜ። ስሙን ነው የጠየቅሁህ።"

አላውቀውም። ያን ያህል የወደድሁት ልማድ እሱን የምፈልግበት ስም አሳጣኝ።

አሁን አስተማሪ ነኝ። በየዓመቱ ተማሪዎቼን ክብ አስቀምጬ ያንኑ ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ። መንገድ ይላሉ፣ ሐኪም ቤት ይላሉ፣ መሬት ይላሉ። ሁሉም ሲጨርሱ አንዱ "መምህር፣ እርስዎስ?" ማለቱ አይቀርም። የራሴንማ ጋጣው ውስጥ ተናግሬዋለሁ። ስለዚህ የወሎዬውን እናት ነገር እነግራቸዋለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን የእያንዳንዳቸውን ስም ከነአባታቸው እጠይቃለሁ።