ውሃ የማይወደው ላቬንደር

ታናሽ ወንድሜ ወደ ጦርነቱ ከመሄዱ ጥቂት ወራት በፊት፣ ሳሪስ መንገድ ዳር ከሚሸጡት ችግኞች አንድ ላቬንደር ገዝቶ መጣ። እናታችን ቅጠሉን በጣቶቿ አሸት አድርጋ አሸተተችና "ይሄማ ሽቶ ነው" አለች። ከዚያ በኋላ በቤታችን ስሙ ሽቶው ሆኖ ቀረ። ወንድሜ ከበሩ ስር፣ ከቧንቧው አጠገብ ተከለው። የአቃቂ መሬት መረሬ የሚሉት ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ጫማ ከያዘ አይለቅም። ለሽቶው የማይሆን ቦታ መሆኑን ግን ከሦስታችን ማንም አላወቀም።

የድንበሩ ጦርነት ሲጀመር ወንድሜ ቀበሌ ሄዶ ተመዘገበ። አባታችን በሕይወት ስላልነበረ የምከለክለው እኔ ነበርኩ። ጮህኩበት፣ ሰደብኩት፣ ጫማውን ደበቅኩበት። እሱ ሳቀብኝ። እኔ ስቆጣ ድሮም ይስቅ ነበር። ሊሄድ ሲል እናቴን አቅፎ "ሽቶዬን አደራ" አላት። እሱ ለቀልድ ነበር ያለው፤ እናቴ ግን በአደራ ቀልድ አታውቅም።

መጀመሪያ ላይ ደብዳቤ ይመጣ ነበር። አገሩ ሐሩር እንደሆነ፣ ውሃ በቦቴ ቢመጣም እንደማያዳርስ ጻፈ። ለእናቴ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ከዚያ ደብዳቤው ቆመ። ጦርነቱም አበቃና የሌላው ሰው ልጅ መመለስ ጀመረ። አብሮት የሄደ አንድ የሰፈራችን ልጅ እጁን ቆስሎ መጣ። እኔ የምሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር፤ ከሥራ ስወጣ ልጁ ከሩቅ አየኝና መንገዱን ተሻግሮ በማዶ አለፈ። አልጠራሁትም። ለእናቴስ ምን ብዬ እነግራታለሁ? ሰው አይቶኝ መንገድ ቀየረ ብዬ?

በዚያው ክረምት ሽቶው ታመመ። ከታች ያሉት ቅጠሎች ግራጫ ሆኑ፣ ከዚያ ጠቆሩ፣ ቅርንጫፎቹም ተንጠለጠሉ። እናቴ ለጎረቤታችን "እሱ ከደረቀ ልጄ የለም ማለት ነው" ስትል ከጓዳ ሆኜ ሰማኋት። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ያ ተክል እንዳይሞት ማድረግ የእኔ ሥራ ሆነ። ሌላ ምንም ላደርግላት አልችልም ነበር።

ሳሪስ ሄጄ አንዱን ችግኝ ሻጭ ጠየቅኩት። "ውሃ አይወድም እህቴ። ጥቁር አፈር ላይ ነው እንዴ የተከላችሁት? በቃ፣ ሥሩ በስብሷል። ፀሐይና አሸዋማ ነገር ስጪው፣ የደረቀውን ቁረጪለት" አለኝና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

ለመንገድ ሥራ ከተቆለለው ውሃ የማይቋጥር ቀይ አሽ ጠባቂውን ለምኜ በጆንያ ተሸክሜ መጣሁ። አንድ ያረጀ ባልዲ ቂጡን በሚስማር በሳሳሁት። ተክሉን ስነቅለው ግማሹ ሥር ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ የወጣውም እንደ ቆሻሻ ቦይ ይሸታል። የበሰበሰውን ቆራርጬ፣ ቀይ አሹን ከጥቂት አፈር ጋር ደባልቄ ተከልኩት። ቀጥሎ የሞቱትን ቅርንጫፎች በመቀስ መቁረጥ ስጀምር እናቴ ከበሩ ላይ "በመቀስ? በልጄ ላይ?" ብላ ጮኸች። እጄን ልትይዘኝ መጣች። እኔ ደግሞ ንዴት ሲነሳብኝ ማቆሚያ የለኝም፤ "ዞር በይልኝ!" ብዬ ቆረጥኩ። የቀረው ነገር ጭራሮ ነበር። ባልዲውን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ከማይለየው ግድግዳ ሥር፣ ከጣሪያው ክፈፍ በታች በብሎኬት ላይ አስቀመጥኩትና ማንም ውሃ እንዳያጠጣው አስጠነቀቅኩ።

ማን ይሰማኛል! ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ጣቴን አፈሩ ውስጥ እከታለሁ፣ ርሶ አገኘዋለሁ። "እማዬ፣ አጠጣሽው?" ስላት "እኔ? ምን በወጣኝ!" ትላለች፤ የቀሚሷ ጫፍ ግን እርጥብ ነው። ጠበል ጨምራበት ያደረችበት ጊዜም አለ። አንድ ቀን ጣሳውን ይዛ ባልዲው ላይ ጎንበስ እንዳለች ደረስኩባት። "ልትገድዪው ነው!" አልኳት።

"እሱ በረሃ ላይ ነው" አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። "አፉ ደርቋል። እኔ እዚህ ቧንቧ ተደግፌ ያደራ ቅጠሉን ላስጠማው?"

ያኔ ነው የገባኝ። ያን ሁሉ ጊዜ የምታጠጣው ተክሉን አልነበረም። ግን ንዴቴ ገና አልበረደም ነበርና "ውሃሽ ከተረፈሽ ለተጠማ ሰው አትሰጪም!" ብዬባት ወጣሁ።

ማታ ስመለስ በራችን ላይ ትልቅ እንስራ ቆሟል፣ አፉ ላይ ጣሳ ተደፍቷል። ከፋብሪካ የሚመለሱ ሠራተኞች፣ ጡብ ሲሸከሙ የዋሉ የቀን ሠራተኞች እየቆሙ ይጠጣሉ። እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ "ጠጡ ልጆቼ፣ ጠጡ" ትላለች። ባልዲውን ነካሁት። አፈሩ ደርቋል።

ከገና በኋላ ከጭራሮው ግርጌ አመድማ አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ። እንደ ሕፃን ጮህኩ። እናቴን እጇን ጎትቼ አሳየኋት፤ እሷም ቅጠሉን ሳመችው። በፋሲካ ሰሞን ሐምራዊ አበባ አወጣ፣ ንቦችም መጡ። ጎረቤቶቻችን "ልጅሽ ደህና ነው፣ ይመጣል" ይሏት ጀመር። እሷም "አሜን" ትላለች። እኔ እየሳቅኩ እፈራ ነበር፤ ይሄ አበባ ያዘላትን ተስፋ አንድ ቀን መርዶ ሲያወርደው ምን ትሆናለች እያልኩ።

መርዶው ሊነጋጋ ሲል መጣ። የዕድራችን ሽማግሌዎች በራችን ላይ ቆሙ፣ ከኋላቸው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። እናቴ ሳይነግሯት ገባት። እንደ ፈራሁት አበደች አልልም፤ አለቀሰች፣ ደረቷን መታች፣ ስሙን ጠራች። እኔ ግን አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣኝም። ሰውም ይህን አይቶ ተንሾካሾከ።

ሰዉ ሁሉ ከተበተነ በኋላ ሁለታችን ፍራሹ ላይ ቀረን። "እማዬ" አልኳት፣ "አበባው ሲያብብ ይመጣል ብለሽ ነበር አይደል?" በከንቱ ተስፋ ሰጠችኝ ብላ እንዳታዝንብኝ ፈርቼ ነው የጠየቅኳት።

"አላልኩም" አለች። "እንደማይመጣ የገባኝ አንቺ ያን ቀይ አሽ ተሸክመሽ የመጣሽ ለት ነው። ወንድሜ ይመጣል ብትዪ ኖሮ፣ እሱ መጥቶ ይየው ብለሽ ትተዪው ነበር። ለቅጠል እንደዚያ አትሟሟቺለትም ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?"

ነጠላዋን ትከሻዬ ላይ አለበሰችኝ። "ያቆጠቆጠ ቀን ደስ ብሎሽ ነበራ" አለች። "ከሄደ ወዲህ ጥርስሽን ያየሁት ያን ቀን ነው።"

ጭኗ ላይ ተደፋሁና አለቀስኩ።