ያልደረቀው ሶፋ

ሚስቴ ምንጣፍና ሶፋ ታጥባለች፤ እኔ ማሽኑን እሸከማለሁ። የትም ቤት ስንገባ መጀመሪያ ከሶፋው ጀርባ ማንም የማያየውን ጥግ ታርስና በነጭ ጨርቅ ጫን አድርጋ ትይዘዋለች። ጨርቁ ላይ ቀለም ከወጣ ሶፋው ውሃ አይነካውም። ባለቤቱ «ኧረ አይለቅም» ብሎ ቢምል ቢገዘት አትሰማውም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ትላለች። ሥራ ላይ እንዲህ መሆኗ ደግ ነው። ክፋቱ፣ ጥርጣሬዋን ከማሽኑ ጋር ጠቅልላ አታስቀምጠውም፤ ይዛው ቤት ትገባለች። ሲያሻት የሸሚዜን ኮሌታ ታሸታለች። እኔን ደግሞ ማን ይወስደኛል?

የወንድሟን ሚስት ግን ከሁሉ አብልጣ ነበር የምትጠረጥራት። የእኛ ቤት እርጥብ ምንጣፍ ስለማይጠፋው አማቴን ሳል አላስቀምጥ ሲላቸው ወንድሟ ወሰዳቸው። እሱ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ቤቱ የሚያድረው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ አማቴን የምትጠብቃቸው ምራታቸው ናት። ዝምተኛ ስለሆነች እኛ ቤት «ዝምታ» ነው የምንላት። ሚስቴ ደግሞ ዝም ያለ ሰው አይዋጥላትም። «ሆዷ አይታወቅም። እናቴን ምን እያደረገቻት እንደሆነ እግዜር ይወቀው» ስትል ትውላለች።

ሰሞኑን ወንድሟ ከመንገድ ደወለና «ሶፋችን ሸቷል፣ እጠቡልን» አላት። ብዙ ሳይቆይ ዝምታ ራሷ ደወለች።

«እትዬ፣ አትልፊ። እኔ እወለውለዋለሁ።»

ሚስቴ ስልኩን ዘግታ አፈጠጠችብኝ። «ሰማህ? ምን የምትደብቀው ነገር አላት?»

በማግስቱ ሳንነግራት ሄድን። አማቴ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ስስማቸው ያወቁኝ አልመሰለኝም። ሚስቴ በቀጥታ ወደ ሶፋው ሄደች። መሀሉ ሰው ሲተኛበት የከረመ ይመስል ጎድጉዷል። መደገፊያው በፀጉር ቅባት ጠቁሯል። ስፖንጁን ስትጫነው የሽንት ሽታ ወጣ። ከሥሩ የታጠፈ ብርድ ልብስ ጎትታ አወጣች፤ ብርድ ልብሱ ላይ ረጅም ነጭ ፀጉር ነበረበት። ጥግ መፈተኑን እርግፍ አድርጋ ተወችው።

«እናቴን እዚህ ነው የምታስተኛት!» ብላ ጮኸች።

ዝምታ ከኩሽና ወጥታ ቆመች።

«አፍሽ ተለጎመ? ልብሷን አምጪ! ዛሬውኑ ይዣት እሄዳለሁ።»

እውነቱን ለመናገር እኔም አምኛት ነበር፤ ደሜ ፈልቷል።

«ልብሳቸው ክፍላቸው ውስጥ ነው» አለች ዝምታ። «ግቢና ውሰጂ።»

ሚስቴ በሩን በረገደችው። ሰፊ አልጋ፣ ንጹህ አንሶላ፣ እንዳይወድቁ በጎን የተደገፈ ወንበር። በሩ እጀታ ላይ ገመድ ታስሯል። ገመዱን እየተከተለች ወደ ሳሎን ተመለሰች። ሌላው ጫፍ ሶፋው ሥር ነው፤ እጅ የሚያስገባ ቋጠሮ አለው።

«ሌሊት እየተነሱ መንገድ ልውጣ ይላሉ» አለች ዝምታ። «በሩን ሲከፍቱት ገመዱ እጄን ይጎትተኛል። እዚህ የምተኛው እኔ ነኝ።»

ሻሿን ስታስተካክል ፀጉሯ ታየኝ። በዕድሜ ከሁለታችንም ታንሳለች፤ ግን ሸብታለች።

«ሽንቱስ?» አለች ሚስቴ፤ ድምፅዋ ወርዷል።

«ቀን ቀን አጠገቤ ይቀመጣሉ። ሲያመልጣቸው ያለቅሳሉ። ‹ልጄ እንዳትሰማ፤ እሷ እድፍ አይታ አታልፍም› ብለው አስምለውኛል።»

ሚስቴ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «ከእኔ?» አለች። «ከእኔ ነው የምትደብቀው?» አንጀቴን በላችው።

ቆይታ ተነሳችና ነጩን ጨርቅ አወጣች። የሶፋውን ጥግ ፈተነች፤ ከዚያ ተንበርክካ አጠበችው። ስትጨርስ ዝምታን ቀና ብላ ሳታያት «ይሄ እርጥብ ነው፣ አይተኛበትም። አንቺ አልጋሽ ላይ ተኚ። ገመዱን ስጪኝ» አለቻት። ወደ እኔ ዞር ብላ ደግሞ፣ «ማሽኑን ይዘህ ሂድ። ሶፋው እስኪደርቅ እዚሁ ነኝ።»

ሶፋ ቢበዛ በማግስቱ ይደርቃል፤ ያስተማረችኝ እሷው ናት። ይኸው ሳምንት አለፈ። በደወልኩላት ቁጥር «ገና ነው» ትለኛለች። እኔም መጠርጠር ጀምሬያለሁ፤ ግን አልጠይቃትም። ከወዲያ አማቴ «ልጄ!» ብለው ሲጣሩ ይሰማኛል፤ ሁለቱም እኩል «አቤት» ይላሉ።