በቁሙ ነፍስ ይማር የተባለው ጃንጥላ ጠጋኝ

ጃንጥላ ጠጋኙ መሞቱን የሰማው በቤተ ክርስቲያኑ የኋላ ምሰሶ ሥር፣ በአግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እያንጎላጀ ሳለ ነው። ቄሱ በሞት የተለዩትን ሲያስቡ፣ በዚያ ውሃ ውስጥ ገብቶ በሚወጣ በሚመስል ለስላሳ ድምፃቸው መጀመሪያ ስሙን ጠሩ፤ ቀጥለውም ሰው እንዳይምታታበት ብለው ነው መሰል፣ «ከድልድዩ አጠገብ ጃንጥላ ይጠግንልን የነበረው ወንድማችን» አሉ። ምእመኑ በአንድ አፍ «ነፍሱን ይማር» አለ። እሱም በእንቅልፍ ልቡ ከሰዉ ጋር «ነፍሱን ይማር» አለ። የማን ነፍስ እንደሆነ የገባው ኋላ ነው።

አጠገቡ የተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ሞራ የጋረደባቸው አንዲት አሮጊት ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

«ታውቀው ነበር?»

«በመጠኑ» አለ።

«ደግ ሰው ነበር መሰለኝ።»

«እሱን እንኳ እንጃ፣ እናቴ።»

ተነሥቶ «ኧረ እኔ አለሁ» ማለት የአባት ነው። ጤነኛ ሰው እንዲያ ያደርጋል። እሱ ግን ከአግዳሚው አልተነቃነቀም። በባለቀለሙ መስታወት የገባው ብርሃን ጉልበቱ ላይ ሰማያዊና ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። እሱን እያየ፣ ለስንት ዘመን ተሸክሞት የኖረውን ከባድ ዕቃ አንድ ሰው ከኋላው መጥቶ ቀስ ብሎ ያወረደለት መሰለው። እንግዲህ አለቀ፤ ከሞተ ሰው ማን ምን ይጠብቃል?

ይህ ሰው በሰፈሩ «ዝናብ ጠሪው» ይባላል። ስሙን ያወጡለት የድልድዩ ቸርቻሪዎች ናቸው። ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር የእሱ ፊት ስለሚበራ፣ «ደግሞ ዛሬ ምን ብለህ ለምነህ ነው?» እያሉ ይተርቡት ነበር። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ሥራውን ለሁለት ነበር የሚሠሩት። እሱ የተጣመመውን ሽቦ ያቃናል፣ የተሰበረውን ዘንግ ይቀጥላል፤ እሷ የተቀደደውን ጨርቅ ትሰፋለች። ሲጨርሱ ጃንጥላውን ከፍተው ሁለቱም ከሥሩ ይገቡና ወደ ላይ ያንጋጥጣሉ፤ ብርሃን የሚያሾልክ ቀዳዳ ቀርቶ እንደሆነ ለማየት። መንገደኛው ግን ያንን አያውቅም። በጠራራ ፀሐይ አንድ ጃንጥላ ሥር ተቃቅፈው የቆሙትን ባልና ሚስት እያየ ይስቅ ነበር።

ከዚያ ሚስቱ አረፈች። ጥቂት ቆይቶ የክር ፋብሪካው ተዘጋ። ፋብሪካው ሲዘጋ ሰፈሩ ሁሉ ድምፁ እንደጠፋበት ሰው ሆነ። ሥራ የፈታ ሰው ደግሞ ጃንጥላ አያስጠግንም፤ ወይ ቤቱ ይቀመጣል፣ ወይ ዝናቡን እየጠጣ ይሄዳል። ቸርቻሪዎቹም ዕቃቸውን እየሰበሰቡ አንድ በአንድ ከድልድዩ ተነሡ። እሱም አንድ ቀን የሱቁን መዝጊያ ዘጋና «ነገ እከፍታለሁ» አለ። በማግሥቱ ጭጋግ ነበር፤ አልተነሣም። እንቅልፍ እኮ እንደማያፍር እንግዳ ነው፤ አንዴ ካስገቡት አልጋውንም ይወርሳል።

ከዚያ ወዲያ ቀን ቀን ተኝቶ ይውል ጀመር። በሕልሙ ጃንጥላዎች ተገልብጠው እንደ ጀልባ ወንዙን ሞልተውት ሲንሳፈፉ ያያል። በአንደኛው ውስጥ ሚስቱ ተቀምጣ፣ መርፌዋን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ ክር ታስገባለች። ሊጠራት አፉን ሲከፍት ይነቃል። ሲነቃ ክፍሉ ያው ክፍል ነው፤ አልጋው፣ አንዱ ወንበር፣ ምድጃው፣ በጥግ ተከምሮ ባለቤቱ ያልመጣለት ጃንጥላ ሁሉ። የውጭው ጭጋግ ወደ ቤት የገባ ይመስለውና ዓይኑን መልሶ ይከድናል።

ምናልባት ፊት ለፊቱ ባለው ክፍል የምትኖረው የሚስቱ ታናሽ እህት ብትኖር ኖሮ እንዲህ አይሰምጥም ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷ ከመቀሷ ይፈጥናል። ብትሰድበውም እየሰደበች ታበላዋለች። ነገር ግን ልጇ ወልዳላት፣ አራሷን ልትጠብቅ ሌላ ከተማ ከሄደች ቆይታለች። ስለዚህ የጠየቀው ሰው አልነበረም። በዚያ እሁድ ወደ ቤተ ክርስቲያን የወሰደውም እምነቱ ነው ለማለት ይቸግራል። ደወሉ ቀሰቀሰው፣ እግሩ ወሰደው፤ ሄደና ራሱን ሞቶ አገኘው።

ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ከሕዝቡ መሐል እንደ ላባ ተንሳፍፎ ወጣ። ጭጋጉ እስከ ጣራዎቹ ክፈፍ ወርዷል። በፊት ጃንጥላ የሠራለት አንድ የፋብሪካ ሰው ትከሻውን ገጨውና፣ ፊቱን ሳያይ «ይቅርታ» ብሎ አለፈ። «ሞት ማለት ይኼ ነው ለካ» አለ በልቡ። «ምንም አያምም።» ቤቱ ገብቶ ተኛ። በዚያ ሳምንት የተኛውን የመሰለ የሚጣፍጥ እንቅልፍ ተኝቶ አያውቅም። ድሮ በተኛበት የምትወጋው አንዲት እሾህ ነበረችበት፤ «ነገ ሱቁን ልክፈት» የምትለዋ። አሁን እሷም ወጣችለት። የሞተ ሰው ሱቅ አይከፍትም።

ሳምንቱ ሳያልቅ ልብስ ሰፊዋ ከአራሷ ተመለሰች። ከአውቶብስ እንደወረደች አንዲት አትክልት ሻጭ አግኝታት «እግዜር ያጥናሽ» አለቻት። ሻንጣዋን እየጎተተች፣ «ጋሼን! ጋሼን ሳላስታምመው!» እያለች ደረጃውን ስትወጣ ልቅሶዋ ሕንፃውን ሞላው። ጃንጥላ ጠጋኙ ከእንቅልፉ ተነሥቶ በካልሲው በር ከፈተ።

«ማን ሞቶ ነው?» አላት።

አፍጥጣ አየችው። ከዚያ በእጅ ቦርሳዋ ደረቱን መታችው፤ ደግማም መታችው። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ሳቅና ልቅሶ ተቀላቅሎባት ተንፈቀፈቀች። ሲወጣላት ቀና ብላ በወጉ ተመለከተችው፤ የተንጠለጠለውን ሱሪውን፣ የጎደጎደውን ጉንጩን፣ በበሩ አሻግሮ የሚታየውን የጨለመ ክፍል። ሳቋ ቀስ እያለ ከፊቷ ወረደ።

«ሰዎቹም እኮ ብዙ አልተሳሳቱም፣ ጋሼ» አለች።

ነገሩን ሁሉ አስነገረችው። ሲጨርስ፣ እባክሽ ተዪው፣ ለማንም አትንገሪ፣ እንዲህ መሆኑ ተመችቶኛል ብሎ ለመናት። እሷ ግን የምትለመን ሴት አይደለችም። እህቴ ወሬውን ሰምታ እዚያ በሰማይ ደጅ ቆማ እየጠበቀችህ ይሆናል፤ ወይ ሂድ ወይ ቅር፣ መሐል መንገድ ላይ ተኝተህ እኛንም እሷንም አታጉላላን አለችው። ጫማውን ራሷ አጥልቃለት፣ እጅጌውን ይዛ ወደ ቄሱ ወሰደችው።

ቄሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለችው ክፍላቸው፣ የተበሳ ሹራባቸውን በመርፌ እየሰፉ ነበር። በሩ ላይ የቆመውን ሲያዩ ብድግ አሉና ጠረጴዛውን ያዙ። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።

ሲረጋጉ፣ በሚመጣው እሁድ ስህተቱን አርማለሁ፣ ስምህን ከሙታን መሐል አወጣዋለሁ አሉት። ሹራባቸውን መልሰው አነሡ። ነገሩ በዚያ የሚያልቅ መስሏቸው ነበር።

«ይተዉት፣ አባ» አለ ጃንጥላ ጠጋኙ። ድምፁ ለራሱም የሩቅ ሰው ድምፅ መሰለው። «መሞቴን አልጠላሁትም። የከነከነኝ ሌላ ነው። ሰው ሞተ ሲባል፣ ‹ምን ሆኖ?› ይባላል። ጠላት እንኳ ይጠይቃል። ያን ሁሉ ሕዝብ ከኋላ ሆኜ ሰማሁት፤ አንድም የጠየቀ የለም። እርስዎም አልጠየቁም።»

ቄሱ መርፌውን ሹራቡ ላይ ሰክተው አስቀመጡት። ከዚያ ቀስ እያሉ ተናገሩ። ጃንጥላ ጠጋኙ በሚኖርበት ሕንፃ ዋና በር ላይ ጥቁር ጨርቅ ተሰቅሎ አይተዋል። የሞቱት የአከራይዋ እናት መሆናቸውን አላወቁም። ሱቁ ከተዘጋ እንደቆየ ያውቁ ስለነበር ሁለቱን ነገር አገናኙና «እሱም ሄደ» አሉ። ገብተው እንደመጠየቅ መንገዱን ተሻግረው በማዶ አለፉ።

«ሬሳ ይፈራሉ እንዴ፣ አባ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ሬሳስ አልፈራም፣ ልጄ። የፈራሁት በሕይወት ያሉትን ነው።»

ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ በገቡበት ቤት ሁሉ አንዱ መድኃኒት፣ አንዱ ለልጁ ሥራ ይጠይቃቸዋል፤ ሌላው ምንም ሳይል እጃቸውን ብቻ ያያል። እጃቸው ባዶ ነው። ቃል ብቻ ይዞ መግባት እያሳፈራቸው መጣ። መጀመሪያ አንድ ቤት ዘለሉ፣ ከዚያ አንድ መንገድ፣ እያለ እያለ ሰፈሩን በሞላ በሩቅ የሚዞሩት ሆነ። መንበሩ ፊት ቆሞ መጸለይ ግን አልከበዳቸውም። ለሙታን መጸለይ ደግሞ ከሁሉም ቀለላቸው። ሙታን ምን ይጠይቃሉ? ይህን ሲሉ ዓይናቸው ሹራቡ ቀዳዳ ላይ ነበር።

«እረኛ እኮ ሣር ተሸክሞ አይመጣም፣ አባ» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ድምፅዋ ከወትሮው ለዝቧል። «አብሮ ነው የሚውለው።»

ሁለቱም ተሰናብተው ወጡ። ጃንጥላ ጠጋኙ ቤቱ ገብቶ ተኛ፤ ያ የጣፈጠው እንቅልፍ ግን እንደ ድሮው አልመጣለትም።

እሁድ ደወሉ ሲደወል አልተነሣም። ልብስ ሰፊዋ ልታስነሣው ታግላ ታግላ፣ «እንግዲያው ሲያርሙህ እኔ እሰማልሃለሁ» ብላ ሄደች። እሱ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተጋደመ። ወንዙ መጣ፣ ጃንጥላዎቹ መጡ። ሚስቱ ግን የለችም። በተገለበጠው ጃንጥላ ውስጥ መርፌዋ ብቻዋን ተቀምጣ ትብለጨለጫለች።

ደረጃውን እየሮጠ በሚወጣ ሰው ኮቴ ነቃ። ልብስ ሰፊዋ ትንፋሿ ተቆራርጦ ገባችና አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አለች። ቄሱ ሙታንን የሚያስቡበት ቦታ ሲደርሱ ዝም አሉ ብላ ነገረችው። ሕዝቡ ያመማቸው መስሎት ተንጫጫ። ከዚያ፣ አንድ በሕይወት ያለ ወንድማችሁን ሳላንኳኳ ቀብሬዋለሁ፤ ሳስበው ደግሞ የቀበርኩት እሱን ብቻ አይደለም፤ ዛሬ ጸሎታችንን በየደጁ ነው የምንጨርሰው፤ የምሰጠው የለኝም፣ ግን እመጣለሁ አሉ። ከመንበሩ ወርደው፣ ያንን ነጭ የቅዳሴ ልብሳቸውን እንደለበሱ ወጥተው ሄዱ። ሕዝቡ ምን ያድርግ? ግማሹ ቁጭ ብሎ ቀረ። ግማሹ ደግሞ ቤቴን እንደተዝረከረከ ትቼዋለሁ እያለ ወደየቤቱ በረረ።

«ደግሞ ዝናብ ጀምሯል» አለች፤ «ጃንጥላም አልያዙም።»

ጃንጥላ ጠጋኙ ወደ መስኮቱ ሄደ። ከታች፣ በጭጋጉ መሐል፣ አንድ ነጭ ነገር ከደጅ ደጅ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ይቆማል፤ በር ይከፈትና ይውጠዋል። ብዙ ቆይቶ ይወጣል፤ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። አንዱ ቤት ፊቱ ላይ በር ዘጋበት፤ ነጩ ነገር ግን ከደጁ አልሄደም፤ ዝናብ ላይ ቆመ፣ ቆመ፣ በሩም በመጨረሻ ተከፈተ። ሕልም ይሁን እውን መለየት አቅቶት ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ተመለከተ። መስታወቱ ይቀዘቅዛል።

ቄሱ እሱ ወዳለበት ሕንፃ ሲደርሱ ቀኑ ተጋምሷል። ከምድር ቤት የሚንኳኳ በር ተሰማ፤ ቆይቶ ከአንደኛው ፎቅ። በዚያ መሐል ጃንጥላ ጠጋኙ አልጋውን ሲያነጥፍ ራሱን አገኘው። ወንበሩን በእጅጌው ጠረገ። ምድጃውን ለኮሰ፣ ውሃ ጣደ፣ ፊቱን ታጠበ። ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ተደግፋ ታየዋለች፤ እንዳይባንንባት የፈራች ይመስል አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ቄሱ ገቡ። ልብሳቸው ላያቸው ላይ ተለጥፎ ጫፉ ውሃ ያንጠባጥባል። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ባዶ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። ስለ ይቅርታም፣ ስለ ጸሎትም አላነሡም። ሻይ ተቀዳላቸው፤ ጠጡ። እሱም ባላሰበው ሰዓት አፉን ፈታ፤ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ድልድዩ፣ ስለ እንቅልፉ አወራ። ብዙ ጊዜ ያልተናገረ ሰው ስለሆነ ቃሉ እየተቀላቀለበት ወዲያና ወዲህ አለ። ቄሱ አላቋረጡትም። ሰዓታቸውንም አላዩም።

ሊሄዱ ሲነሡ በኮሪደሩ ጫፍ ያለውን በር አዩ። እዚያ የሚኖረው የፋብሪካው መካኒክ የነበረ ሰው ነው። ከሥራ ከወጣ ወዲህ መጋረጃውን ገልጦ አያውቅም።

«እዚያ አይከፍትልዎትም፣ አባ» አለ ጃንጥላ ጠጋኙ።

«እቆማለሁ» አሉ ቄሱ።

ጃንጥላ ጠጋኙ ጫማውን ፈለገ፤ አንደኛው ከአልጋው ሥር ገብቶበት ተንበርክኮ አወጣው። አጥልቆ ቄሱን ቀድሞ በኮሪደሩ ሄደና የመካኒኩን በር በጡጫው መታው።

ደግሞ መታው።

«ማነው?» አለ የታፈነ ድምፅ።

«ዝናብ ጠሪው ነኝ።»

ከውስጥ አልጋ ሲጢጥ ሲል ተሰማ።

«አንተ ሞተህ የለም እንዴ?»

«ሞቼ ነበር» አለ ጃንጥላ ጠጋኙ። «ክፈት።»