ግድግዳው ላይ የቀሩት ሲባጎዎች

ሰፈሩ «ባለ ሲባጎው» የሚለው ሰው ገና ልጅ ሳለ እናት አባቱን ጎርፍ ወሰደበት። እሱን ጣራ ላይ ያገኘው አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ቤቱ ወስዶ አሳደገው፤ ሙያውንም አስተማረው። ሽማግሌው ፊደል ስላልቆጠረ የደንበኛን ልክ የሚይዘው በሲባጎ ነበር፤ አንዱ ቋጠሮ ትከሻ፣ ቀጣዩ እጅጌ፣ የመጨረሻው ቁመት። ለያንዳንዱ ሰው አንድ ሲባጎ፣ አንድ ምስማር። የማን እንደሆነ የሚያውቀው የሰፊው ጭንቅላት ብቻ ነው። ልጁም አድጎ ሱቁን ሲወርስ በዚያው ቀጠለ። «ሜትር መግዣ አጥተህ ነው?» እያሉ ቢያሾፉበትም፣ ሰፍቶለት ያልኮራ ደንበኛ አልነበረም።

ከዚያ ትንሿ ልጁ ሞተችበት። እህል ውሃ እምቢ አለ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ወንድሞቹ ሐኪም ቤት አስገቡት። እዚያ ጭንቅላቱን ደጋግመው በኤሌክትሪክ አነዘሩት። እውነትም ተነሣ፣ በላ፣ ቤቱ ተመለሰ።

ሱቁን ሚስቱ ከፈተችለት። ግድግዳው ሙሉ ሲባጎ ነው። ቆሞ አየ፤ የማን እንደሆኑ አንዱንም አላወቀም።

መጀመሪያ የመጣው የድሮ ደንበኛው፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ ነበር፤ ውድ ሱፍ ይዞ።

«እንኳን ለቤትህ አበቃህ! ለልጄ ሠርግ ነው። ልኬ እንደሆነ አንተ ዘንድ አለ፤ ሆዴን ብቻ ለቀቅ አድርግልኝ፣ ዘንድሮ አላስቀመጠኝም።»

«እስቲ እንደገና ልለካህ» ማለት ሞት መሰለው። ሹፌሩ ሲወጣ ይሆናል ያለውን ሲባጎ አውርዶ ጨርቁን ቆረጠ።

ኮቱ ሲለበስ እጅጌው ክርን ላይ ቀረ።

«አንተ ሰው፣ ይሄ ለኔ ነው ለሙሽራው ታናሽ?» ብሎ ሳቀ ሹፌሩ። ወዲያው የሰፊውን ፊት አየና ሳቁን ዋጠው። «ግድ የለም ወንድሜ፣ ግድ የለም።»

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። በሜትር ሊጀምር ሞከረ፤ እሱም እንዳሳዳጊው መጻፍ አይችልምና ጠዋት የለካውን ሰው ከሰዓት ይረሳዋል። ሱቁ ተዘጋ። አሁን ዱቄት ፋብሪካ የጆንያ አፍ ይሰፋል፤ ጆንያ ሁሉም አንድ ልክ ነው።

ሱቁን ሲለቁ፣ ከሲባጎዎቹ መሃል አንዲት አጭር አገኘ።

«ይቺ ደግሞ የማን ናት?»

ሚስቱ እቃ መሸከፏን ተወች። «የልጃችን» አለችው።

የልጁን ፊት በሐሳቡ ፈለገው፤ የለም።

ያቺ ሲባጎ ዛሬም ከኪሱ አትለይም። ሕክምናው ረድቶህ ነበር ወይ ያለውን ሰው ቆጣ ብሎ ነው የሚመልስለት፦ «ሥራዬንስ ይውሰዱት፣ ጆንያም ሥራ ነው። ልጄን ግን እኔ አንድ ጊዜ ቀብሬያት ነበር፤ እነሱ ደግመው ቀበሯት። ሳለቅስ ብኖር ይሻለኝ ነበር። ሐዘኑ እኮ የኔ ነበር።»